ምላሱን የሚያወጣው ዕቃ

ባለፈው ገና ልጄ አንድ ጥቁር ዕቃ ታቅፎ መጣ። «አባዬ፣ ብሉሬይ ነው፤ ኢንተርኔትም ይገባበታል» አለኝ። እኔ እንኳን ኢንተርኔት አቧራም እንዲገባበት አልፈልግም ነበር።

አዲስ አበባ ሳለን ዴክ ነበረን። ካሴቱን ትከተዋለህ፣ ትንሽ ያጉረመርማል፣ ፊልሙ ይመጣል። ካስቸገረ ጎኑን በመዳፍ መታ ማድረግ ነው። ስሜን የጠየቀኝ ዴክ አላየሁም። ይኼ የቨርጂኒያው ግን ገና ሲከፈት እንደ መሥሪያ ቤት ዘበኛ በር ላይ ያቆመኛል፤ ዋይፋይህ የቱ ነው? ኢሜይልህስ? ፓስዎርድህስ? ከካርቶኑ ከወጣ ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ «አፕዴት ላድርግ» ብሎ ግማሽ ሰዓት አስጠበቀኝ። አዲስ አይደለም እንዴ?

ፓስዎርዱ የሚጻፈው በሪሞት ነው። ፊደሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ተሰጥቷል፤ ከኤ ተነስቼ እስከ ደብልዩ በቀስቷ እየተንፏቀቅሁ እሄዳለሁ። አንዴ አብዝቼ ከተጫንኩ አልፌው ሄድኩ፣ ተመለስ። ልጄ ደግሞ ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ቃለ አጋኖ ደባልቆበት የባንክ ካዝና አስመስሎታል። ላቤ ጠብ እያለ ስጨርስ «ተሳስተዋል» ይለኛል። የጻፍኩትን ሁሉ በኮከብ ሸፍኖት፣ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ በምን ልወቅ?

ልጄ እንደሚለው ድሮ ይብስ ነበር። በፈረንጆች 2008 ኤልጂ ኔትፍሊክስን የሚያሳየውን የመጀመሪያውን ብሉሬይ ሲያወጣ፣ ፊልሙን ኮምፒውተር ላይ መርጠህ ወረፋ ካስያዝክ በኋላ ነበር ሶፋህ ላይ ሄደህ የምታየው። ያኔ ግን የኔትፍሊክስ ዲስክም በቀይ ፖስታ ታሽጎ ቤት ድረስ ይመጣ ነበር፤ እሱን በ2023 መስከረም አቆሙት። ፖስተኛው ፓስዎርድ ጠይቆኝ አያውቅም።

ትናንት ማታ ተሳካልኝ። ሰውየው ሽጉጡን መዘዘ፣ ሴትየዋ ዞር አለች፣ ከዚያ መሀል ላይ ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረ። ፎቅ ላይ የልጅ ልጄ ጌሟን ከፍታ መስመሩን ተሻምታኛለች። ሰውየው ሽጉጡን እንደያዘ ቡናው ሦስተኛ ደረሰ።

«አንተ ሰውዬ፣ እንደ ዴኩ ጎኑን መታ አታደርገውም?» አለች ባለቤቴ።

መታ አደረግኩት። ጣቴ የትኛውን ቁልፍ እንደነካ እንጃ፣ ዕቃው ዚዝ ብሎ ባዶ ምላሱን አወጣብኝ።