ስለ መምህራን መጠሪያ የወጣ የቆላ አዋጅ

ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ማንም ሳይመርጠን፣ ማንም ሳይሾመን፣ ከመተማ ዮሐንስ እስከ ገንዳ ውሃ፣ ከሽንፋ እስከ ቋራ ፀሐይ አናታችን ላይ ስለወጣች ብቻ ሥልጣን የተሰማን እኛ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። ተማሪ ወንዱንም ሴቷንም «ቲቸር» ብሎ ይጥራ። ልጆቹ ማንንም ሳያስፈቅዱ እንዲህ ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ሆኖም የደነገግነው እኛ እንደሆንን ይቆጠርልን። «አንቱ» ጾታ ስለማይለይ ባለበት ጸንቷል።

አንቀጽ 2። የድንበሩን ድልድይ ተሻግሮ ሱዳን ገላባት የሚገበያይ ሰው እዚያ ወንዱን «ኡስታዝ»፣ ሴቷን «ኡስታዛ» ይበል። ሲመለስ መጨረሻዋን «ዛ» ኬላው ላይ አራግፎ ይግባ። ደብቆ ያስገባ በኮንትሮባንድ ይጠየቃል።

አንቀጽ 3። የአብነት ትምህርት ቤቱን «የኔታ» አንነካም፤ አቅማችንን እናውቃለን። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ጎጃም ውስጥ ለወንድ ደቀ መዛሙርት ቅኔ ሲያስተምሩ ያወጀላቸው አልነበረም። «ጓድ» ግን ተመልሶ እንዳይመጣ። በደርግ ጊዜ ሁሉን እኩል ሊያደርግ መጥቶ «ጓዲት»ን አስከትሏል።

አንቀጽ 4። በደመወዝ መክፈያው ላይ ወንዱ ከቅጥር እስከ ጡረታ «አቶ» ነው። ሴቷ ግን «ወ/ት» ወይስ «ወ/ሮ» እየተባለች ትዳሯን ለሒሳብ ክፍል ስታስረዳ ኖራለች። ይህ ቀርቷል። የመምህርት ማግባት አለማግባት ገንዘብ ያዡን አያገባውም።

አንቀጽ 5፣ የጾታ አገላለጽ። የአገራችን ሕጎች «በወንድ ጾታ የተገለጸው የሴትንም ያካትታል» ማለት ይወዳሉ። በዚህ አዋጅ በሴት ጾታ የተገለጸው የወንድንም ያካትታል። ስለዚህ በደረጃ ዕድገት መሰላሉ ላይ ከ«ጀማሪ መምህር» አንስቶ እስከ «ከፍተኛ መሪ መምህር» ያለው ሁሉ በወረቀት ላይ «መምህርት» ተብሎ ይጻፍ። ጺማሙ የፊዚክስ አስተማሪም ከፍተኛ መሪ መምህርት ነው። ቅር ያለው አቤቱታ ሊያቀርብ ይችላል፤ መልሱ ከወዲሁ ተዘጋጅቷል፦ «ተካተዋል፤ ምን ጎደለብዎ?» ሴቶቹ ሲሰሙት የኖሩት ይህንኑ ስለሆነ አዲስ መልስ ማርቀቅ አላስፈለገም።

አንቀጽ 6። ይህን አዋጅ የሚቃረን ማናቸውም ልማድ፣ ቅጽና ማኅተም ተሽሯል። ማኅተሙ ውድ ከሆነ ግን እስኪያረጅ ይሠራበት።

አንቀጽ 7። አዋጁ ሰሊጥ አጨዳ የወረደው ተማሪ ወደ ክፍሉ ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ ይጸናል። እስከዚያ «ቲቸር» ብሎ የሚጠራ የለም።