ጋባር ሲንግ እና የታላቅ ወንድም ሥልጣን

በቪዲዮ ቤት ዘመን፣ ማለትም የቪኤችኤስ ካሴት በትንሽ ክፍያ ለሠፈር ልጆች ይታይ በነበረበት ጊዜ፣ ሂንዲ ፈጽሞ የማያውቅ ታላቅ ወንድም የህንድን ፊልም ለታናናሾቹ በአማርኛ ይተነትን የነበረ ሲሆን፣ ይህ ሙያ እስካሁን ተገቢውን የምሁራን ትኩረት አላገኘም። የሙያው ጥልቀት የሚገለጠው ወንድማማቾቹና እኅቶቻቸው ጎልምሰው፣ ለበዓል ተሰባስበው፣ በ1967 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃውን የራሜሽ ሲፒ ፊልም «ሾሌይ»ን ከግርጌ ጽሑፍ ጋር፣ ይኸውም ንግግሩን በሌላ ቋንቋ ከምስሉ ሥር ከሚያስነብበው መስመር ጋር፣ ዳግም ሲመለከቱ ነው። ታላቅየው ሽፍታው ጋባር ሲንግ በመጨረሻ እንደሚገደል ዕድሜ ልኩን ሲመሰክር ቢኖርም፣ በፊልሙ ላይ ፖሊስ ደርሶ ከነሕይወቱ ይይዘዋል። ያልሠለጠነ ተመልካች ታላቅየው ተሳስቷል ሊል ይችላል፤ በሥርዓት ያደጉ ታናናሾች ግን የተሳሳተው ፊልሙ መሆኑን ወዲያውኑ ይረዳሉ።

ታሪክም ለታላቅየው አድልቷል፤ ፊልሙ መጀመሪያ ሲቀረጽ ጋባር በእርግጥ ይሞት ነበርና፣ መጨረሻው የተለወጠው በህንድ የሳንሱር ቦርድ ግፊት ነው። እንግዲህ ያኔ ለሕዝብ ያልታየ ቅጂ ያየ ሰው ሌላውንም ሳያይ አይቀርም፤ በመሆኑም ከፊልሙ ጀግኖች አንዱ ጄይ ሲሞት፣ ታላቅየው ታናሽ እኅቱ እንዳታለቅስ «ተኝቶ ነው» ያለው ቃል ይጸናል፤ ጄይን የተጫወተው አሚታብ ባችቻን አማርኛ ይሰማል ያለውም እንዲሁ። በዚሁ መርሕ፣ አባታቸው ቤቱን ለታላቁ ልጃቸው ሲናዘዙ ብቻውን የሰማው እርሱ ስለሆነ፣ ሰነድ መጠየቅ የግርጌ ጽሑፍ ከመፈለግ አይለይም።