ሽማግሌ ያልላከ ሙሽራ

ዲላ ውስጥ ስንት ጋብቻ ያስማማሁ፣ ስንት የድንበር ጠብ ያበረድኩ ሰው በስተርጅና ዘበኛ ሆኛለሁ። ዱላዬን ይዤ የቆርቆሮ በር ሥር የምቀመጠው ለቡና ወይም ለላም አይደለም፤ ለውሻ ነው። ያውም ለሴት ውሻ! የልጅ ልጄ ከሀዋሳ በካርቶን አምጥታ፣ «ቤላ» ብላ ሰይማ፣ ለእኔ ጥላልኝ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። አሁን በስልክ ታዘኛለች።

ድሮ ውሻ ውሻ ነበር። ስሙ ቡቺ ነው፤ ትራፊ ይበላል፣ ሌሊት ይጮኻል፣ የቀረው የግል ጉዳዩ ነው። ይቺ ግን ሰባት ወር ሲሆናት ሰሌኑ ላይ የደም ጠብታ ታየ። ቤቱ ተተራመሰ። ሠራተኛዋ «ተወግታለች!» አለች፣ አንዷ ጎረቤት ፌጦ አዘዘች። የእንስሳት ሐኪሙ አይቷት ሳቀ። «አባባ፣ ድራት ነው፤ ደርሳለች» አለኝ። ብዙዎቹ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራቸዋል፤ ትልልቅ ዝርያ የሆኑት ይዘገያሉ። ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለቴ ገደማ ይመላለሳል። እርጅናም አያስቆመውም አለኝ። ይህችኛዋ ወሬ ነች ያናደደችኝ።

ሐኪሙ ደጋግሞ ያስጠነቀቀኝን እኔም ለቤተሰቡ ደጋግሜ ነግሬያለሁ፤ ማን ሰምቶኝ! ብልቷ አብጦ ደም በሚታይበት ሰሞን፣ አንድ ሳምንት አለፍ ቢል ነው፣ ወንዶቹ ይሰበሰባሉ እንጂ እሷ አታስጠጋቸውም፤ ጥርሷን ታሳያለች። ከዚያ ደሙ እየቀጠነ ገለባ ገለባ ይመስላል። ያን ጊዜ የኔ ቤት ሰው «ተመስገን፣ አለፈ» ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል። ኧረ አላለፈም! ገና መጀመሩ ነው። ጭራዋን ወደ ጎን አድርጋ ቀጥ ብላ የምትቆመው ያኔ ነው። ከመጀመሪያው ጠብታ አንስቶ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሳምንት በሩ ይዘጋ ማለት ይህን ያህል ከባድ ነው?

ወንዶቹማ ሐኪም አያስፈልጋቸውም፤ ሽታው ራሱ ይጠራቸዋል። ከጓሮዬ እንሰቱ፣ ቡናውና ጥላ ዛፉ ተደባልቆ የበቀለበት ቦታ አለ። ይህ የጌዴኦ አስተራረስ በ2016 መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ በዚያው ቅርስ ውስጥ ሰፍሯል። በረንዳ ላይ ሆኜ ድንጋይ ብወረውር የሚቀደደው የኮባ ቅጠል ነው፤ እነሱ አይነኩም። መጋዘን እንዲጠብቁ የተቀጠሩት ሳይቀሩ ሥራቸውን ጥለው መጥተዋል። እሸት ቡና በሚለቀምበት ጥቅምት ቢሆን ኖሮ ሌባው እንዴት በተዝናና!

የደረሰብኝን ውርደት ግን ልንገራችሁ። ቤላ ጋቢዬ ላይ ተኝታ አድራ ኖሯል። እኔ ሳላውቅ ለብሼው ለቅሶ ልደርስ ወጣሁ። መንገድ ላይ አንድ ቡላ ውሻ ተከተለኝ። ቀጥሎ አንድ ጥቁር፣ ቀጥሎ ጆሮው የተቆረጠ። ዞር ብዬ ዱላ ሳነሳ ይቆማሉ፤ ስራመድ ይራመዳሉ። የእድሩ ድንኳን ደርሼ ስቀመጥ፣ ቡላው አፍንጫውን ጋቢዬ ጫፍ ውስጥ ቀብሮ ቁጭ አለ። አልቃሿ እንኳ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እነዚያ ሰዎችህ ደኅና ናቸው?» እየተባልኩ ነው።

ባሌ ተራራ ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ይሻላል፤ ሥርዓት አለው። በዓመት አንዴ ብቻ ይራባል፤ በመንጋው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው ዋናዋ እመቤት ናት፤ የቀሩት ልጅ ያሳድጋሉ። እኛ ነን የምናበላሸው። ያልታሰሩ ውሾቻችን የእብድ ውሻ በሽታ ይዘውበት ይወጣሉ፣ አንዳንዴም ከእሱ ጋር ይዳቀላሉ። እዚህም ቢሆን ነገሩ ሳቅ ብቻ አይደለም። ለአንዲት ሴት ስምንት ወንድ ተሰብስቦ ሲናከስ፣ ካልተከተቡት አንዱ ብቻ ቢታመም ይበቃል።

የሆነው ሆነ። ደሙ በቆመ ማግስት ሠራተኛዋ ውኃ ልትቀዳ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። ስደርስ መንገዱ መሐል፣ ተማሪ በሚያልፍበት ሰዓት፣ ጀርባ ለጀርባ ተያይዘው ቆመዋል። ልጆቹ ድንጋይ ያነሳሉ፣ አንዲት ሴትዮ ባልዲ ውኃ ይዛ ትሮጣለች። እኔ፣ የተከበርኩ ሽማግሌ፣ ሁለቱም እንዳይጎዱ «ተዉአቸው፣ በራሳቸው ይላቀቃሉ!» እያልኩ መሐል ቆሜ ስጠብቅ ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሐኪሙ ያዘዘኝ እንዲህ ነበርና ምን ላድርግ!

ከሁለት ወር በኋላ ስድስት ቡችላ ተወለደ። አንዱ ቡላ፣ ሁለቱ ጥቁር፣ የቀሩት ዝንጉርጉር። ለካ ሴት ውሻ በአንድ እርግዝና ከተለያዩ አባቶች መውለድ ትችላለች! ሽማግሌ ሳይልኩ፣ ጥሎሽ ሳይጥሉ ሦስት አማች አፈራሁ። የልጅ ልጄ በስልክ «አባባ፣ ጡቷን ስታስጥል ኦፕራሲዮን ትደረግ፤ ማህፀኗ መግል ከመቋጠርም ትድናለች» ትላለች። እሺ፣ ትደረግ። የሚከፈለው ከእኔ ጡረታ ነው እንጂ ከማን ነው!

ትናንት ጎረቤቴ መጣ። የቡላው ባለቤት ነው፤ «የኔ ውሻ ጨዋ ነው፣ ከግቢ አይወጣም» ብሎ ሲምልልኝ የከረመው። ቡችሎቹን አንድ በአንድ ሆዳቸውን ገልብጦ አየ። ሴቶቹን መልሶ አስቀመጣቸው። ቡላውን ወንድ አነሳና፣ «ጋሼ፣ ይህን ለእኔ ያዙልኝ፤ መልኩ የኔን ውሻ ቁርጥ ነው» አለኝ።