ሁለት ሻይ በጣት

በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ በከተማችን ሁለት ሻይ ማዘዝ ፖለቲካ ነበር። ሻይ ቤት ገብቼ፣ ለራሴና ለጓደኛዬ፣ እንደ ልማዴ ሁለት ጣቴን ቀሰርኩ። ጥግ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች አጨብጭበው ጣታቸውን አነሱልኝ፤ በር አጠገብ የነበረው ሰውዬ ደግሞ ሒሳቡን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ወጣ። ሻዩ ግን አልመጣም። አስተናጋጁ ቅስቀሳ መስሎታል።

ለረሳ ሰው፣ በዚያ ዓመት ምርጫ ሁለት ጣት የተቃዋሚው የቅንጅት ምልክት ነበር፤ ንብ የገዢው የኢሕአዴግ። ምልክት የሚመርጡ ሰዎች ትንሽ ከተማ ኖረው አያውቁም መሰለኝ። ጣት የሌለው ሰው የለ! ማር ሻጯ እትዬ እንኳ ገበያ መሀል ቆመው "ማሬ ከማንም ወገን አይደለም" ብለው እስከ መማል ደርሰው ነበር።

ከተማችን ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለች፣ አንድ አስፋልትና ሁለት ዳቦ ቤት ያላት ናት። በዚያ ሰሞን ዳቦ ቤቶቹም ተከፍለው፣ የላይ ሰፈሩ የጣት፣ የታች ሰፈሩ የንብ ተባለ። የፓርቲዎቹን ክርክር በራዲዮ የማይሰማ አልነበረም፤ ጠላ ቤት ውስጥ መሬት ይሸጥ አይሸጥ ሲባል ጣሳ እስከ መወራወር ተደርሷል። ድምፁ ግን የሚወሰነው በመሬት ፖሊሲ አልነበረም። በአጥር ነበር።

አባዬ መጀመሪያ የጣት ሰው ነበር። ከአጥር ጎረቤታችን ጋር በግማሽ ክንድ መሬት ሰባት ዓመት ተኳርፈዋል። ጎረቤታችን የንብ ከናቴራ ለብሰው ሲወጡ አባዬ በደስታ ሁለት ጣቱን በአጥር ላይ ያሳያቸዋል። ሚያዝያ 30 አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ለቅንጅት ወጣ ሲባል ግን ጎረቤታችን በማግስቱ ከናቴራውን ለበር መጥረጊያ አድርገው፣ ሁለት ጣታቸውን ቀስረው ብቅ አሉ። አባዬ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን "ንብ እኮ ታታሪ ፍጡር ናት" አለ።

"አጥሩን ብትተክሉት ኖሮ ይኼ ሁሉ ምርጫ ባላስፈለገ" አለች እማዬ።

ግንቦት 7፣ እሑድ፣ ጣቢያው በ12 ሰዓት ሊከፈት እኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተሰለፍን። ጋቢ የለበሰ፣ ቆሎ የቋጠረ፣ ሕፃን ያዘለ፤ ጣትና ንብ በአንድ ሰልፍ። ጎረቤታችን ከአባዬ ፊት ነበሩ። ሰልፉ ወደፊት ፈቀቅ ባለ ቁጥር አባዬ አንድ ክንድ ይጠጋቸዋል፤ ድንበር የመግፋት ነገር መቼም አይለቀውም።

ውስጥ ስንገባ ቀለም የሚቀባው ልጅ አንዷን እናት "ጣትዎን ይስጡኝ" አላቸው። ከታዛቢዎቹ አንዱ ብድግ አለ።

"ተቃውሞ አለኝ! በምርጫ ቀን ቅስቀሳ ክልክል ነው።"

"ምን ቀሰቀስኩ?"

"ጣት ብለሃል።"

አስፈጻሚዎቹ አንገታቸውን አጋጥመው ተማከሩ፤ ከዚያ ወዲያ "እጅዎን" እንዲባል ተወሰነ። ቀጥለው የገቡት ሽማግሌ እጅዎን ሲባሉ መዳፋቸውን ከነአምስት ጣታቸው ብልቃጡ ላይ ጫኑበት። ቀለሙ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ታዛቢው ሱሪውን ይዞ ሲዘል፣ ያቺ ሰማያዊ ቀለም ጉልበቱ ላይ እንደቀረች ነው የማስታውሰው። እሱ ሁለቴ እንዳይመርጥ ተደርጓል።

ውጤቱ በር ላይ ሲለጠፍ ሁለቱ ተቀናቃኞች ትከሻ ለትከሻ ቆመው አነበቡት። አባዬ ማንን እንደመረጠ እስከ ዛሬ አልነገረንም። ጎረቤታችን ማንን እንደመረጡ ግን እስከ ዛሬ ይነግሩናል።

ከዚያ በኋላ በአገሩ የሆነውን አላነሣም፤ ሰው የሞተበት ነገር ለወግ አይመችም።

በ2002 ስንመርጥ ክፍፍላችን ተፈውሶ ነበር። ከ547ቱ የምክር ቤት መቀመጫ ለተቃዋሚ አንድ፣ ለግል ተወዳዳሪ አንድ ተረፈ፤ በ2007 እነሱም አልቀሩም። የመራጩ ቁጥር ግን ከ90 በመቶ በላይ ነው ተባለ። እውነትም ከሰፈራችን የቀረ አልነበረም፤ የአንድ ለአምስቱ ጠርናፊ በጠዋት በር አንኳኩቶ ስማችን ላይ ምልክት እያደረገ ወስዶናል። ሰልፉ እንዴት ፈጣን ነበር! ቆሎ የቋጠረ አላየሁም፤ ጣት ቢባልም የሚቃወም አልነበረም።

አባዬና ጎረቤታችን በ2007 ምርጫ ዋዜማ ታረቁ። የሚጣሉበት ነገር አልቆባቸው ይመስለኛል። ድምፅ ሰጥተን ስንመለስ ሦስታችንም ሻይ ቤት ገባን። እኔ ቡና ነው የምጠጣው። አባዬ አስተናጋጁን ጠራና ሁለት ጣቱን ቀሰረ።

ጎረቤታችን ግራ ቀኙን አዩ። የአባዬን እጅ ይዘው ቀስ አድርገው ከጠረጴዛው ሥር አወረዱትና፣

"አንተ ሰው፣ በአፍህ እዘዝ!" አሉት።