ርካሹ ብድር

ባንክ ደጅ የምትጠኑ ነጋዴዎች ታሳዝኑኛላችሁ። ካርታ አስይዙ፣ ዋስ ጥሩ፣ የሒሳብ መግለጫ አምጡ ስትባሉ ትከርማላችሁ። ያለ መያዣ፣ ያለ ዋስ፣ በ9 በመቶ የሚያበድር ደጅ እያለ ምን አንከራተታችሁ? ያበደራችሁን ሰው ገንዘቡን ከልክሉትና «ክሰሰኝ» በሉት። የቀረውን ፍርድ ቤት ያሟላላችኋል።

ውሉ ላይ ሌላ ወለድ ካልተጻፈ አትስጉ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1751 ሕጋዊ ወለድ በዓመት ከመቶ 9 ነው ካለ ወዲህ ንጉሥ ወርዷል፣ ደርግ መጥቶ ሄዷል፤ 9 ግን ንቅንቅ አላለችም። በ2014 የዋጋ ንረቱ 30 በመቶን ሲያልፍም 9 ነበረች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ተለቅቆ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላ 120ን ሲሻገርም ያው 9 ናት። 1 ሚሊዮን ብር ይዞ የተቀመጠ ባለዕዳ ለዓመቱ የሚታሰብበት 90,000 ብር ነው፤ ያውም ከተፈረደበት።

መክፈያውን ጊዜ የምትወስኑት ደግሞ እናንተው ናችሁ። መጥሪያ ሲመጣ «የሉም» አስብሉ። ሲደርሳችሁ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አቅርቡ፤ ተቀባይነት ባያገኝም ቀጠሮ ያስገኛል። በክርክሩ ቀን ጠበቃችሁ ሌላ ችሎት ላይ ይሁን፤ በሚቀጥለው ምስክራችሁ ይታመም። «መዝገቡ ተመርምሮ ስላላለቀ» የተባለ ዕለት ሳትደክሙ ታተርፋላችሁ። ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ፍርድ ቤቱም ያርፋል። ከተፈረደባችሁ ይግባኝ ከእግድ ጋር፤ ቀጥሎ «መሠረታዊ የሕግ ስሕተት» ይዛችሁ ሰበር። ያም ሲያልቅ ከሳሽ አፈጻጸም ብሎ አዲስ መዝገብ ይከፍታል፤ መኪናው ሲያዝ ባለቤታችሁ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 418 «የእኔ ነው» ትበል።

ከሳሽስ? የዳኝነቱን ክፍያ ገና በሩ ላይ ከፍሏል። ሕጉም በእሱ ላይ ቆፍጣና ነው። አበድሮ 10 ዓመት ዝም ካለ ይርጋ ይቀድመዋል፤ ከውል ውጭ ጉዳት ደርሶበት 2 ዓመት ከተኛ ካሳውን ያጣል። ለመክሰስ የዘገየ ይከስራል፣ ለመክፈል የዘገየ ያተርፋል።

አያቶቻችን ይህን ንግድ አላወቁበትም። ባለገንዘብንና ባለዕዳን ነጠላ ለነጠላ ቋጥረው በቁራኛ ይሰዷቸው ነበር፤ ከባላጋራው ጋር አብሮ የሚያድር ሰው ቀጠሮ አይለምንም።

ቁራኛ ይመለስ አልልም። ሁለት ነገር ይበቃል፦ ሕጋዊው ወለድ ከባንክ ማበደሪያ ወለድ አይነስ፤ ያለ በቂ ምክንያት ቀጠሮ ያስለወጠም የዕለቱን ኪሳራ እዚያው ችሎት ላይ ይክፈል። ይህ እስኪሆን ድረስ ፍርድ ቤት ለባለዕዳ የሚያበድረው የከሳሽን ገንዘብ ነው።