ሐዲስ ጋዝ በአሮጌ ቱቦ

ሐርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ሌሊቷ ጋቢ የሚያስደርብ፣ ቀኗም መስኮቱን ከፍቶ ለሚነዳ ሰው ሁሉ ነፋሷን በነጻ የምታድል ከተማ ስለሆነች፣ በዚህች አገር ተቀምጦ የአሮጌ መኪና ማቀዝቀዣ ለማደስ የሚደክም ሰው ወይ ገንዘብ የተረፈው ነው፣ ወይ አእምሮ የጎደለው ነው የሚል ፍርድ በጎረቤቶቼ ዘንድ ከጸና ቆይቷል። ገንዘብ እንዳልተረፈኝ ግን ስለሚያውቁ፣ ሁለተኛውን በይሉኝታ አይናገሩትም።

መኪናዋ መርሴዲስ 240 ዲ ናት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1976 እስከ 1985 ሲሠራ ከኖረውና በቁጥር 123 ተብሎ ከሚጠራው ነገድ ትወለዳለች። በዚህ ከተማ ሕጉ በቀኝ መስመር ንዱ ቢልም፣ ከጃፓን በዱባይ በኩል የገቡት ቪትዞች መሪያቸው በዚያው በስተቀኝ ስለሆነ፣ የእኔይቱ መሪዋን በስተግራ፣ በተገቢው ስፍራ በመያዟ ብቻ ከማኅበረ ምእመናን እንደ ተለየች መናፍቅ ትታያለች።

የድካሜ ምክንያት በርበራ ናት። ከዚህ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ በባሕር ዳር የሚገኘው ይህ ወደብ፣ በክረምት ወራት ካሪፍ የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲነሣበት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መናገሻቸው በርበራ በነበረች ዘመን አገሩን ይገዙ የነበሩት የእንግሊዝ ሹማምንት እንኳ፣ ወራቱ ሲከፋ መዝገባቸውንና ማኅተማቸውን ጠቅልለው ወደ ሼክ ተራራ ይወጡ ነበር። ያን የመሰለ ገናና መንግሥት ሙቀቱን በመሸሽ ብቻ ካመለጠው፣ እኔ ደግሞ የሼክን አየር ከክሩስኮቶዬ ሥር አስገብቼ ይዤው ልውረድ ብዬ አሰብሁ።

በመኪና ውስጥ አየር ማቀዝቀዝ ከፋብሪካ የጀመረው የአሜሪካኑ ፓካርድ ሲሆን፣ ጊዜውም በፈረንጅ 1939 ነበር። ያ ማሽን ማጥፊያ አልነበረውምና፣ ባለቤቱ ብርድ ሲበዛበት መኪናውን አቁሞ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የኮምፕሬሰሩን ቺንጋ በእጁ ያወልቅ ነበር። የእኔይቱም ቺንጋዋ ወልቆ የኖረ በመሆኑ፣ በዚህ ረገድ ከፓካርድ አታንስም ነበር።

ሥራውን የያዘው ከድሬዳዋ የመጣ ወጣት መካኒክ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ አፍታ ከተመለከተ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይቺ የብሉይ ሰው ናት» አለኝ። እውነቱን ነው። የተሠራችለት የጥንቱ ጋዝ፣ 12 ቁጥር የሚባለው፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ ቶማስ ሚጅሊ ከባልደረቦቹ ጋር ለማቀዝቀዣ ያበጀው ነው፤ ይህ ሊቅ ቀደም ሲል ቤንዚን ላይ እርሳስ ያስጨመረም ስለሆነ፣ ሰማይንም ምድርንም በዚህ ያህል በማስቀየም የሚተካከለው ሰው አላውቅም። ጋዙ የፀሐይን ክፉ ጨረር የሚከለክለውን ኦዞን እንደሚበላ ከታወቀ ወዲያ፣ መንግሥታት በ1987 ሞንትሪያል ላይ እንዲቀነስ ተስማምተው፣ ኋላም ጨርሶ እንዲሻር ወሰኑ፤ በመኪኖችም ውስጥ 134 ኤ የሚባለው ሐዲስ ጋዝ ተተካ።

ችግሩ ግን ሐዲሱ ጋዝ ከብሉዩ ዘይት ጋር አለመዋሐዱ ነው፤ ዘይቱን ጥሎት ስለሚዞር ኮምፕሬሰሩ ደርቆ ይቃጠላል። ስለዚህ አሮጌው ዘይት ጠብታ ሳይቀር መታጠብ፣ ጎሚኒዎቹ መለወጥ፣ እርጥበት የሚመጠው ጣሳም በአዲስ መተካት አለበት። ቱቦዎቹን በተመለከተ ወንጌል ስለ ሐዲስ ወይንና ስለ አሮጌ አቁማዳ የተናገረው በቂ ነው፤ ሐዲሱ ጋዝ ረቂቅ ስለሆነ በአሮጌው ጎማ በኩል ላብ እንደሚወጣ ሆኖ ሾልኮ ያልቃል። አዲሶቹን ቱቦዎች ከዱባይ አስመጣሁ፤ እነርሱም በበርበራ ወደብ ሲጠበሱ ሰንብተው ደረሱልኝ።

ከዚያ በኋላ አየሩን ከውስጥ የመምጠጥ ሥርዓት ነበር። ፓምፑ ሲንጫጫ ግፊቱ እጅግ ይወርድና፣ ውስጥ የቀረ ውኃ ያለ እሳት ፈልቶ ይወጣል፤ ካልወጣ ግን ከጋዙ ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይሆናል፣ ወይም ቀዳዳው ላይ በረዶ ሠርቶ መንገድ ይዘጋል። የጥገናው መጽሐፍ የግፊት መለኪያው መርፌ 29 ይድረስ ይላል፤ የእኛ መርፌ 25ን ጥቂት አልፎ ቆመ። የሻይ ብርጭቆ ይዘው የከበቡን ሰዎች ሁሉ በአንድ ቃል «ያፈስሳል» ብለው ፈረዱ፤ አንዱማ ቱቦው ይፈታ ብሎ ካቻቢቴ አነሣ።

መካኒኩ ቀና ሳይል፣ «መጽሐፉን የጻፈው ባሕር ዳር ተቀምጦ ነው» አለ። «አዲስ አበባ ስሠራ ከ22 እምብዛም አያልፍልኝም ነበር።» መርፌው የሚመዝነው በውጭ ያለውን የአየር ክብደት ነውና፣ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ መርፌውም አብሮ ያጥራል። ፓምፑን ዘግተን ጠበቅን። ከኢትዮጵያ የሚመጣው የጫት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ አልፎ ጋራዡ ባዶውን ሲቀር፣ መርፌው ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ጋዙ ከጥንቱ ልክ አምስተኛ ያህል ቀንሶ ተሞላ፤ በሐርጌሳ አደባባይ፣ በሚግ አውሮፕላኑ ሐውልት አጠገብ ስናልፍ ከክሩስኮቶው የወጣው ብርድ ጥርስ ያፋጭ ነበር። በርበራ ስንደርስ ግን ለብ አለ። ሐዲሱ ጋዝ ሙቀቱን ወደ ውጭ ለመጣል ሰፊ ኮንደንሰር ይፈልጋል፤ ውጩ ራሱ ሲነድድ የት ይጣለው? ማቀዝቀዣው ብርታቱን ያገኘው ወደ ሐርጌሳ ስንመለስ፣ አየሩ በረድ እያለ ሲሄድ ነው፤ ይኸውም ከ72 የማይበልጡት ፈረሶቿ ለአቀበቱ በሚፈለጉበት ሰዓት ነበርና፣ ሲሚንቶ የጫነ መኪና አልፎን ሄደ።

አብሮኝ የተሳፈረው የበርበራ ነጋዴ፣ በፈረንጅ በ1988ቱ ጦርነት ወደ ኢትዮጵያ ተሰዶ ሐርተሼክ ካምፕ ሳለ አማርኛ የተማረ ሽማግሌ፣ ሽርጡን እስከ አንገቱ ስቦ ተቀምጦ ነበር።

«ወላል፣ ወንድሜ፣ ይህን ነገር በስንት አሠራኸው?»

ነገርሁት።

«ይህን ያህል ገንዘብ ካለህ በርበራ ምን ያወርድሃል?»

የምወርደው ማቀዝቀዣው መሥራቱን ለማየት እንደ ሆነ አስረዳሁት። እርሱም እጁን ሰድዶ መስኮቱን ከፈተ።