ይሰፋል፦ የጅማ ተረከዝ አጭር ጥናት

በጅማ ከተማ ማለዳ ለሩጫ ከሚወጡት ሰዎች መካከል ማን ለጤናው፣ ማን አዲሱን ጫማ ለማሳየት እንደወጣ መለየት አስቸጋሪ ነው። ለዚህ ጥናት ግን ልዩነቱ አያስፈልግም፤ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ሁለቱም ተረከዛቸውን ይዘው ይቀመጣሉና። የጥናቱ ወሰን ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች፣ ማለትም አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ሰርቦና ሰቃ ጨቆርሳ ናቸው። የጥናቱ ትኩረት ደግሞ አንድ መዳፍ የማትሞላ ቆዳ ናት።

ጫማ ቆዳን የሚጎዳው ከላይ በመፋቅ ብቻ ይመስለናል። ነገሩ ከዚያ የረቀቀ ነው። ሯጩ በረገጠ ቁጥር አጥንቱ ይንቀሳቀሳል፤ ቆዳው ግን ካልሲው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ በመካከል ያሉት ንብርብሮች ይጎተታሉ። ጉተታው ሺህ ጊዜ ሲደጋገም የላይኛው ንብርብር ከታችኛው ይላቀቅና ክፍተቱ በፈሳሽ ይሞላል። እግር ውሃ ቋጠረ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ከሄርማታ ተነስቶ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣው የጅሬን ዳገት ለዚህ ክስተት የተሟላ ቤተ ሙከራ ነው፤ ሲወጡት ተረከዝ ይላጣል፣ ሲወርዱት የጣቶች ተራ ይደርሳል። እላይ የደረሰ ጎብኚ ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር ቁመት ይጠይቃል፤ ከሁለት ሜትር በላይ እንደነበሩ ይነገረዋል። ስለ ጫማ ቁጥራቸው የሚጠይቅ ግን ብርቅ ነው። ምሁራዊ ግድየለሽነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ዋናው ግብረ አበር ርጥበት ነው። የደረቀ ቆዳ ይንሸራተታል፤ ውሃ ውስጥ የተነከረም ይንሸራተታል፤ የሚጣበቀውና የሚላጠው በሁለቱ መካከል ያለው፣ ላብ ያወዛው ቆዳ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚጥልበት ጅማ ደግሞ እግር አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በዚሁ መካከል ነው። የሚገርመው በዚህ አገር ስለ ርጥበት የማያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ እየተገላበጠ፣ ዝናብ ሲመጣ እየተሸፈነ፣ ርጥበቱ ወደ 11 በመቶ ገደማ እስኪወርድ ድረስ ይጠበቃል። ይህን ሁሉ የሚጠነቀቅ ሰው የራሱን ካልሲ ማታ አጥቦ ጠዋት እንደረጠበ ያደርገዋል። ሲጠየቅ፣ «እግሬ ላይ ይደርቃል» ይላል። ቡናውን እንዲህ አድርቆ ቢያመጣ ማንም አይገዛውም ነበር። ካልሲው ከጥጥ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይደርቅም፤ ጥጥ ላብን ይጠጣል እንጂ አያሳልፍም።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ንድፈ ሐሳቡ እንግባ። በሐሙስ ገበያ ጫማ የለካ ሁሉ የሰማው ትምህርት አለ፤ ሁለት አንቀጽ ብቻ ነው ያለው። ጫማው ከጠበበ፣ «ወንድሜ፣ ስትረግጠው ይሰፋል።» ከሰፋ፣ «ካልሲ ደርብበት።» በእነዚህ ሁለት አንቀጾች መሠረት በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ጫማ ለማንኛውም እግር ልክ ነው። ቁጥር 41 እና ቁጥር 43 የተባሉት ነገሮች ፋብሪካዎች ለራሳቸው ሒሳብ የሚይዟቸው ምልክቶች ናቸው። ከዚህ የበለጠ ምሉዕ የሆነ ንድፈ ሐሳብ በማኅበራዊ ሳይንስም ሆነ በተፈጥሮ ሳይንስ አላጋጠመንም።

በርግጥ በተቃራኒ ወገን የቆሙ የውጭ አገር ባለሙያዎች አሉ። እግር በቀን ውሎና በሩጫ ስለሚያብጥ ጫማ ከሰዓት በኋላ ይለካ፣ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይተረፍ ይላሉ። ይህን ምክር ሳያውቁት የሚፈጽሙት ከገጠር በእግራቸው ገበያ የሚመጡት ገበሬዎች ናቸው፤ ሻጩ ፊት ሲቆሙ እግራቸው ካበጠ ቆይቷል። የከተማው ወጣት ግን ማለዳ፣ እግሩ ገና ቀጭን ሳለ፣ በዓይኑ የወደደውን ይገዛል። ከዚያ ጅሬን ይወጣል።

የ«ይሰፋል»ን ትምህርት በአደባባይ የካደ አንድ ትልቅ ሰው በታሪክ ይጠቀሳል። ዕለቱ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነበር። የአዲስ ዓመት ዋዜማ መሆኑን ልብ ይሏል፤ አገሩ ሁሉ ለልጆቹ አዲስ ጫማ የሚገዛበት፣ ልጆቹም በማግስቱ እያነከሱ እንቁጣጣሽ የሚሉበት ሰሞን። በዚያች ምሽት ሮም ላይ አበበ ቢቂላ አዲስ ጫማ አልመች ቢለው አውልቆ ትቶት ለማራቶን ቆመ። ይሰፋል ብሎ አልጠበቀም። በአክሱም ሐውልት በኩል ሲያልፍ ፍጥነቱን ጨመረ፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ላይ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ስር ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ባደረገ በሳምንታት ውስጥ፣ ጫማ አድርጎ ሮጠና 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። እኛ የሮሙን ስናወራ የቶኪዮውን እንረሳለን፤ የፈጠነው ግን ልክ በሆነ ጫማ ነው።

ስለዚህ ጫማ መተው እንደ መፍትሔ አይቀርብም። በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ዘመኑን ሁሉ በባዶ እግሩ የኖረ ገበሬ ዝሆኔ ሊይዘው እንደሚችል የታወቀ ነው፤ እዚህ ላይ ጥናቱ አይቀልድም።

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ እንለፍ። ቫዝሊን ሲቀቡት መጀመሪያ ያንሸራትታል፤ ከቆየ በኋላ ግን ቆዳውን አልስልሶ ሰበቃውን ያብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት የአሜሪካው የዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ዕጩ መኮንኖች እግራቸውን ላብ የሚያደርቅ መድኃኒት እየተቀቡ 21 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ነበር። ከተቀቡት 21 በመቶው፣ ካልተቀቡት 48 በመቶው ውሃ ቋጠሩ። ድንቅ ውጤት ነው፤ ከተቀቡት 57 በመቶው ቆዳቸው መቆጣቱን ካልቆጠርነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት 128 የረጅም ርቀት ሯጮችን ተከታትሎ፣ ከሩጫ በፊት የሚለጠፍ ተራ የወረቀት ፕላስተር ችግሩን በ40 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ይህ ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ በዚህም ምክንያት ማንም አያምነውም። በመርፌ ማፍረጥን በተመለከተ፣ መርፌው ይጽዳ፣ የላይኛው ቆዳም አይላጥ እንላለን፤ ሰው ግን ሁልጊዜ ይልጠዋል።

የጭን መፋተግ የተለየ ምዕራፍ ይገባው ነበር። ተረከዙ የተላጠ ሰው ካልሲውን አውልቆ ለቡና ተጠሪ ሁሉ ያሳያል። ጭኑ የተላጠ ግን እግሩን አራርቆ እየሄደ፣ «ወገቤን ትንሽ ቆርጦኝ ነው» ይላል። የመረጃው እጥረት ከዚህ የመጣ ነው።

ወደ ጫማው ስንመለስ፣ መስከረም 13 ቀን 2016 ሯጯ ትዕግሥት አሰፋ በበርሊን ማራቶን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትገባ ያደረገችው ጫማ ክብደቱ 138 ግራም፣ ዋጋው 500 ዶላር ነበር፤ የተሠራውም ለአንድ ማራቶን ያህል ነው ተብሏል። ከእኛ ንድፈ ሐሳብ አንጻር ይህ ጫማ ባክኗል፤ ሳይሰፋ ሞተ። የጅማ ጫማ እንዲህ አይሞትም። ጫማ ሰፊው ተረከዙን በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል፣ ሶሉን ይሰፋዋል፣ ባለቤቱ ክረምቱን ሙሉ ይረግጠዋል። ልክ ሲሆን ለታናሽ ወንድም ይተላለፋል፤ ለእሱ ደግሞ ሰፊ ነውና ሁለተኛው አንቀጽ ሥራ ላይ ይውላል። በመጨረሻ ታናሹ የጫማውን ኋላ አጥፎ ይረግጠውና እንደ ነጠላ ጫማ ያደርገዋል። ከዚያ ወዲያ ተረከዝ የሚነካ ነገር የለም፤ መላጥም የለም። ሩጫ ግን አይቻልበትም።